በጋዝ ምክንያት ስለተሰረዘችው ሰባት ቁጥር

ግንቦት 23 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ቀንዓ ሞቱማ
የአምቦ–ጉደር የመኪና ውድድር ቴክኒክ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አምቦ

ክቡር ሆይ፣

ትናንት ሐሙስ ከቀኑ በአምስት ሰዓት በኮሚቴው ጽሕፈት ቤት በር ላይ በተለጠፈው ማስታወቂያ መሠረት፣ ባለፈው እሑድ አንደኛ የወጣችው ሰባት ቁጥር መኪና ከውጤት ተሰርዛለች፤ ሁለተኛ የወጣችው ሦስት ቁጥር በቦታዋ አንደኛ ተብላለች።

ማስታወቂያውን አንብቤ ስጨርስ መጀመሪያ ያሳሰበኝ የእርስዎ ጤና ነው። በሁለት የውሃ ጠርሙሶች ላይ አራት ቀን መምከር ቀላል ድካም አይደለምና፣ እርስዎ ራስዎ፣ መላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ሦስት ቁጥርን የነዱት የባለቤትዎ ወንድም አቶ ብዙነህ እንደምን ሰነበታችሁ?

ደብዳቤው በጋዜጣ የሚወጣ ስለሆነ፣ እሑድ በቦታው ላልነበረ አንባቢ ጥቂት እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ። ሰባት ቁጥር የመካኒኩ የኦቦ ተሬፋ ጉዩ ናት። ይህችን ባለ ሁለት በር የስፖርት ፊያት ሸነን አጠገብ ገደል ውስጥ ተገልብጣ አግኝተው፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲጠግኗት ኖረዋል። እሑድ ዕለት ባለቤታቸው ወይዘሮ ደስታነሽ አጠገባቸው ተቀምጠው ኩርባውን እየነገሯቸው፣ ጉደር ሦስት ጊዜ ደርሰው ተመልሰው፣ ሦስት ቁጥርን በአንድ ደቂቃ ከአሥራ አንድ ሰከንድ ቀደሟት። አንደኛ የወጣ ሰው በሰኔ አጋማሽ አዲስ አበባ ላይ በሚደረገው ውድድር አውራጃችንን ወክሎ ይነዳል። እዚያ ሃምሳ ዓመት የሞላው ሰው አይሰለፍም። ኦቦ ተሬፋ ደግሞ ነሐሴ ላይ ሃምሳ ይሞላቸዋል። ለኮሚቴው የአንቀጽ ጉዳይ የሆነው ነገር፣ ለእሳቸው ዘንድሮ ካልሆነ መቼም የማይሆን ነው።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

1ኛ/ የደንቡ አንቀጽ 14 «ከታንኩ ውጭ በመኪናው ውስጥ ጋዝ ይዞ የተገኘ ተወዳዳሪ ይሰረዛል» ይላል። ቤንዚን ከተወደደ ወዲህ ሰው የፋኖስ ጋዝ እየቀላቀለ ሞተር ስላስቸገረ አንቀጹ መውጣቱን፣ ላረቀቁት ለእርስዎ ማስታወስ ድፍረት ይሆንብኛል። መርማሪያችሁ አቶ ጉደታ ከሰባት ቁጥር ወንበር ሥር ያገኙት ሁለት ጠርሙስ የአምቦ ውሃ ነው። የተጠየቁት ወይዘሮ ደስታነሽ ናቸው፤ የቀረውን ከቃለ ጉባኤያችሁ አንድም ፊደል ሳልቀንስ እገለብጣለሁ።

«ጥያቄ፦ ይህ ምንድነው? መልስ፦ ውሃ ነዋ! ጥያቄ፦ ዝም ብሎ ውሃ ነው? መልስ፦ ምን ነካዎት ኦቦ ጉደታ? ጋዝ ያለው ነው እንጂ! ጋዙ የወጣበትንማ ለጠላቴም አልቀዳም። ማጠቃለያ፦ ተጠያቂዋ ጋዝ መያዛቸውን በራሳቸው አንደበት ስላመኑ ምርመራው በዚሁ ተዘግቷል።»

አምቦ ተወልዶ፣ አምቦ አድጎ፣ ጋዝ ያለው ውሃ ሲባል ፋኖስ የሚታየው ሰው ማግኘት ለማንኛውም ኮሚቴ ትልቅ ዕድል ነውና እንኳን ደስ አላችሁ። ከሁለቱ የኤግዚቢት ጠርሙሶች አንዱ ማክሰኞ በተደረገው ስብሰባ ላይ፣ ክፍሉ ስለሞቀ፣ መከፈቱንና የጋዙ መኖር በሁለት አባላት ግሳት መረጋገጡን ከራሳቸው ካገሱት ከአንዱ ሰምቻለሁ። ማስረጃን እስከ ሆዱ ድረስ አስገብቶ የመረመረ ኮሚቴ በዕድሜዬ አላጋጠመኝም።

2ኛ/ አንቀጽ 6 ማንኛዋም ተወዳዳሪ መኪና ከፋብሪካ ስትወጣ የነበሯትን ወንበሮች በሙሉ ይዛ መሰለፍ አለባት ይላል፤ መኪና ወንበሯ ሲወጣ ትቀላለች፣ ስትቀል ትፈጥናለችና። ኮሚቴው ሦስት ቁጥርን መርምሮ «ጉድለት የለባትም» ሲል ፈርሟል። በፊርማው ላይ አስተያየት የለኝም። የማውቀው ነገር ቢኖር የሦስት ቁጥር የኋላ ወንበር እሑድ ዕለት በእርስዎ በረንዳ ላይ እንደነበረ ነው። ይህን የማውቀው ሰው ነግሮኝ አይደለም። ከሁለት እንግዶች ጋር ተደርድረን ውድድሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያየነው በእሱ ላይ ተቀምጠን ነው። መንገዱ ከበረንዳዎ ጥርት ብሎ ይታያል። ወንበሩም ይመቻል፤ ወደ ግራ በኩል አንዱ ሞላ ትንሽ ይወጋል እንጂ። ለመስተንግዶው እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

3ኛ/ ማስታወቂያው ከጋዙ በተጨማሪ «የመኪናዋ ከተማ አጠያያቂ ነው» ይላል፤ ሊብሬዋ ላይ ሀገረ ሕይወት፣ የመመዝገቢያ ቅጹ ላይ አምቦ ስለተጻፈ። ሁለቱ አንድ ከተማ መሆናቸውን ከካቺሲ ለገበያ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ግን ኮሚቴ እንደ ገበያተኛ በቀላሉ አያምንም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በዚያው ማስታወቂያ አናት ላይ «አምቦ» ይላል፤ ግርጌው ላይ ያለው ክብ ማኅተም «ሀገረ ሕይወት» ይላል። ስለዚህ ኮሚቴው ራሱ የየት አገር ሰው እንደሆነ እስኪጣራ ድረስ ከሥራ ቢታገድ ደንቡ ለሁሉም እኩል እንደሚሠራ ሕዝብ ያይ ነበር።

4ኛ/ ኦቦ ተሬፋ በሰዓቱ ይግባኝ ብለዋል። ይግባኝ ሰሚው ኮሚቴ ሰኞ ሰኔ 3 ቀን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ይሰበሰባል። የአዲስ አበባው ምዝገባ የሚዘጋው በዚያው ዕለት በስድስት ሰዓት ነው። የይግባኝ ሰሚው ሰብሳቢም እርስዎ ነዎት። ስለዚህ ፍትሕ ከሦስት ሰዓት መዘግየት በቀር ምንም አልጎደለባትም። እኔም የምለምነው ሌላ አይደለም፤ ስብሰባው በጠዋቱ ሦስት ሰዓት ይሁንልን፣ ወይዘሮ ደስታነሽም ቀርበው «ጋዝ ያለው» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለጉባኤው ጠርሙስ ከፍተው ያስረዱ።

ስለ ደንብ ባለዎት ፍቅር፣ ስለ ዘመድ ባለዎት የላቀ ፍቅር፣ እንዲሁም ሁለቱን በአንድ ፊርማ ስላስታረቁበት ጥበብ በአድናቆት ራሴን ዝቅ አድርጌ፣

እንግዳዎ ነጋሳ ወልደሰንበት

ከፊርማ በኋላ የታወሰ፦ ሦስት ቁጥር ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ከሆነ የኋላ ወንበሯ ወደ ቦታው መመለሱ አይቀርም፤ እዚያ ያሉት መርማሪዎች የእርስዎን በረንዳ አያውቁትምና። እንግዳ ማስቀመጫ እንዳያጡ ብዬ አንድ አግዳሚ ወንበር አሠርቼ በጋሪ ልኬልዎታለሁ። ሰባት ቁጥር የምትሄድ ከሆነ ግን ወንበሩ በረንዳዎ ላይ ይቀራልና አግዳሚውን ይመልሱልኝ። የትኛው እንደሚሆን ሰኞ ሰኔ 3 ቀን ይታወቃል።