እጅህ አልመሰከረብህም

ውድ ወንድም ዓለም፣

የዱቄት ፋብሪካውን ማሽን የቺንጋ ክዳን ፈትቼ ሳልመልስ የሄድኩት እኔ ነኝ። አንተ አይደለህም። ይህን ከሰላምታ ያስቀደምኩት፣ ጤናህን ልጠይቅ ብዬ ከጀመርኩ እንደለመድኩት ጥየቃው ውስጥ ተደብቄ እንዳልቀር ፈርቼ ነው። ሚስትህ ስታነብልህ እዚህ ላይ ድምፅዋ ቢቆረጥ ታገሣት፤ እሷም የምትሰማው ገና አሁን ነው።

በአደጋው ዋዜማ ከመውጫዬ በፊት ኩሽኔታውን ግሪስ ልቀባ ክዳኑን ፈታሁና ግድግዳ አስደገፍኩት። ሰርቪሱ ጥሩንባውን ነፋ። ነገ ገብቼ እገጥመዋለሁ ብዬ ሮጥኩ። ቤት ደርሼ ሱሪዬን ሳወልቅ ብሎኖቹ ከኪሴ ወድቀው ወለሉ ላይ ተንኳኩ። ያን ጊዜ እንኳ ለዘበኛው ደውዬ "ማሽኑን ሳያዩ እንዳያስነሱት" ማለት እችል ነበር። ተነሥቶ ልብስ መልበሱ፣ ስልክ ፍለጋ መውጣቱ አሰነፈኝ። ክፋት አልነበረም፤ ስንፍና ነበር። ክፋት የሆነው ከዚያ ወዲያ ነው።

በማግስቱ ጠዋት የፈረቃው አለቃ አንተ ነበርክ። ማሽኑ ጩኸት አለው ብለህ በወዲያኛው ጎን ቆመህ ስታዳምጥ ያዩህ ሰዎች አሉ፤ ክዳኑን ፈትተህ የተውከው አንተ ነህ ያሉህም ከዚህ ተነሥተው ነው። ጆንያ ሰፊዋ የወደቀ ክሯን ልታነሣ በወዲህኛው ጎን ጎንበስ አለች፤ እጅጌዋን የሚሽከረከረው ቺንጋ ያዘው። ማሽኑን ያቆምከው አንተ፣ ክንዷን በቱታህ ያሰርከው አንተ፣ አምቡላንሱ እስኪመጣ ዱቄቱ ላይ ተንበርክከህ ያቀፍካት አንተ። እኔ ስደርስ እሷ ተወስዳለች፤ አንተ ግን ጆሮህን በሁለት እጅህ ይዘህ እዚያው ነበርክ። ጩኸቱ ቆሟል ብንልህ "እኔ ጋ አልቆመም" አልከን። ከዚያ ወዲያ ማሽን በተነሣ ቁጥር ትከሻህ ዘለል ይል ነበር። ብሎኖቹን እኔ የመንገድ ቦይ ውስጥ ጣልኳቸው።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮ የሆነውን ታስታውሳለህ፤ አንተ የምታስታውሰው ግን ከፊት ለፊት ነው፣ እኔ ከጎን ነው። ግራ እጅህ ጭንህ ላይ ነበር። አውራ ጣትህና ጠቋሚህ አንድ የማይታይ ነገር ያሹ ነበር፤ በቀኝህ ስትይዘው ቀኝህንም ይዞት ይንቀጠቀጣል። ሥራ አስኪያጁ ከፊትህ ይልቅ እጅህን አየ። "ንጹሕ ከሆንክ እጅህን ምን አስጨነቀው?" አለህ። "እኔ እንጃ፣ ጌታዬ" አልክ። ወደ እኔ ዞረ። "አንተ አማቹ ነህ። ድሮም እንዲህ ያደርገው ነበር?"

"አላስተዋልኩም" አልኩ።

አስተውዬ ነበር። ከአደጋው ብዙ ቀደም ብሎ፣ እኛ ቤት ሻይ ስትጠጣ ሲኒው ከሰሃኑ ጋር ይንጫጫ ነበር። እህትህ፣ ባለቤቴ፣ "ሞልቼው ነው" ብላ ቀነሰችልህ፤ የተቀነሰውም ተንጫጫ። እጅህን ከጠረጴዛው ሥር ሰደድከው። ስትሄድ ግራ ክንድህ የሌላ ሰው ኮት ይመስል ጎንህ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀር ነበር። አንድ ቀን ወጡ አርሮ ቤቱ ሁሉ ሲጨስ፣ አጠገቡ ተቀምጠህ ምንም አልሸተተህም፤ "አፍንጫህን የት አስቀመጥከው" ብለን ስንስቅብህ አብረኸን ሳቅህ። ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው አላስተዋልኩም ያልኩት። እውነቱን ብናገር፣ ታዲያ ክዳኑን ማን ፈታው የሚለው ጥያቄ እኔ ደጃፍ እንደሚመጣ ገብቶኝ ነበር።

"እጁ መሰከረበት።" ማን እንደጀመራት አላውቅም፤ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ፋብሪካውን ሞላችው። ዘበኛው አንተ እቃህን ይዘህ ስትወጣ "ተዉት፣ ሬዲዮ ጣቢያ እየፈለገ ነው" ብሎ በጣቶቹ አሳየ። ሳቁ። እኔም ከንፈሬ ሳቀ። ከሥራ ተሰናበትክ። የፈረቃ አለቃነቱን ለማን ሰጡት? ለእኔ። "አመሰግናለሁ" ብዬ ተቀበልኩ፤ ወንበሩ ላይ ትራስህ እንኳ ነበረች።

ስለ እህትህ ልጻፍ ወይስ ልተወው እያልኩ ቆየሁ። ልጻፍ። በመጨረሻ ሕመሟ ግንባሯን በእርጥብ ፎጣ እየጠረግሁላት ነበር። እየመጣህ ደጅ ቆመህ ስትመለስ "ደክሟታል" የምልህ እኔ ነበርኩ፤ ግባ ግባ እንዳይሆን፣ አንድ ነገር ተባብላችሁ እንዳይወጣብኝ። በዚያን ዕለት ግን ራሷ ስምህን አነሣች። "ወንድሜን አምነው ነበር" አለች፤ "ያ እጁ ባይሆን።" ፎጣውን ነከርኩ፣ ጨመቅሁ፣ መልሼ ግንባሯ ላይ አደረግሁት። አፌን ከፍቼ አንዲት ቃል ብናገር ወንድሟን ይዛ ትሄድ ነበር። ሳትይዝህ ሄደች። አሁን እሷ ሁሉ ነገር ግልጥ የሆነበት ቦታ ናት ብዬ አምናለሁ፤ እምነቴ የሚያጽናናኝን ያህል ያስፈራኛል።

ጸሎት አላቋረጥኩም። ይቅርታ የሚጠየቅበት ቦታ ላይ ስደርስ ግን፣ ሳል እንደያዘው ሰው ጉሮሮዬን እየጠረግሁ አልፈው ነበር። እግዚአብሔርን ያታለልኩ መስሎኝ።

የበሽታህ ስም የታወቀ ዕለት አብሬህ ነበርኩ። ሚስትህ ናት ና ያለችኝ። ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ አስኬደችህ፣ ጣትህን ክፈት ግጠም አለችህ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር አስጻፈችህ። ፊደልህ ባቄላ አክሎ ተነሥቶ እየጠበበ እየጠበበ መጨረሻው አሸዋ ሆነ። ፓርኪንሰን ነው አለች። ማሽተት ያቃተህ፣ ክንድህ መወዛወዝ የተወው፣ ሁሉም የሱ ጅማሬ እንደነበረ አስረዳችን። እኔ ጠየቅኋት፦ ድንጋጤ ያመጣዋል ወይ? አንተ ላንተ የጠየቅሁልህ መስሎህ እጄን ያዝ አደረግኸኝ። እሷም "በሽታው ቀድሞ የጀመረ ነው። ድንጋጤና ጭንቀት መንቀጥቀጡን ያብሱታል፤ ተደብቆ የነበረውን ቶሎ አውጥተውትም ይሆናል። ከሱ ነው ብዬ አልፈርድም፣ አይደለም ብዬም አልምልም" አለች። እኔ ከንግግሯ የሚመቸኝን ግማሽ ይዤ ወጣሁ። ቀድሞ የጀመረ ነው፤ እኔ የለሁበትም። በዚያች ግማሽ እንቅልፍ ተኛሁባት።

ባለፈው ሳምንት ሚስትህ እኔ ቤት መጣች። አልቀመጥ አለች፤ ነጠላዋን እያጠማዘዘች በሩ ላይ ቆመች። የሸሚዝህን ቁልፍ እሷ እንደምትቆልፍልህ፣ የበሩ ደፍ ላይ ስትደርስ እግርህ ወለሉ ላይ ተተክሎ እንደሚቀር፣ ፊትህ እንደ ግንብ ዝም ስላለ ተቆጥተህ ይሁን አዝነህ መለየት እንዳቃታት ነገረችኝ። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ አለች። ያልቻለችው ሌላ ነው።

"ኪኒኑን አልውጥም ብሏል፣ ጋሼ። 'ቅጣቴን በኪኒን አላታልልም' ይለኛል። 'ክዳኑን ሳልፈታው አልቀርም' ይላል፤ 'ባልፈታው እጄ ለምን እንዲህ ይሆናል?' አንተን ይሰማል፤ እባክህ ምከረው።"

ምከረው አለችኝ፣ እኔን። ከሄደች በኋላ በሩን ሳልዘጋ ቆየሁ። ሰው ሁሉ ደጋግሞ ሲልህ፣ ያላደረግከውን ማስታወስ ጀምረሃል። ሥራህን ወሰድኩ፣ እህትህን ወሰድኩ፤ ለካ የገዛ ራስህን ጠዋት ሳይቀር ወስጄብሃለሁ። ስማኝ፤ ክዳኑን አልነካህም። አንተ ማሽኑን ስታዳምጥ ክዳኑ ከወዲህ በኩል ግድግዳ ተደግፎ ነበር፤ ያስደገፍኩት እኔ ነኝ። እጅህም በማንም ላይ አልመሰከረም፤ ታሞ ነበር፣ በቃ። በሽታ ነው እንጂ ፍርድ አይደለም። ኪኒንህን ዋጥ። ይቅር በለኝ ብዬ ደግሞ ሌላ ሸክም አልጭንብህም፤ እሱን ስትችል፣ ካልቻልክም ተወው። ኪኒኑን ግን ዋጥ።

ይህን ከመጻፌ በፊት መጀመሪያ ጆንያ ሰፊዋ ዘንድ ሄድኩ። የታጠበ አንሶላ በአገጯ ይዛ በአንድ እጇ ታጥፍ ነበር። ልያዝልሽ ብል "ተወው፣ ለምጄዋለሁ" አለች። ቆሜ ነገርኳት። አንሶላውን አጥፋ ጨረሰች።

"በየጠዋቱ ስሙን እየጠራሁ ነበር የምረግመው" አለች። "አሁን ያንን ሁሉ ማን ይመልስልኛል?"

በኔ ተኪው አልኳት።

"ደክሞኛል" አለች። "ውጣልኝ።"

ከእሷ ቤት ወደ ፋብሪካው አመራሁ። ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘጋና፣ ያለፈ ነገር መሆኑን ነግሮኝ፣ ጡረታዬ እጄ ሊገባ ሲል ምን እንደሚያስቆፍረኝ ጠየቀኝ። ሠራተኛውን ሰብስብልኝ አልኩት። እንኳን ሊሰበስብ ቤትህ ሂድ አለኝ። እኔም ወጥቼ ሁለቱ ፈረቃዎች የሚገናኙበት በር ላይ ቆምኩ። ገቢው ሲገባ፣ ወጪው ሲወጣ፣ መሐል ገብቼ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የቺንጋውን ክዳን የፈታሁት እኔ ነኝ አልኩ። እጁ ይንቀጠቀጥ የነበረው ከአደጋው በፊት ነው፣ አይቼ ነው የካድኩት፣ በሽታ ነው አልኩ። ስምህን ከነአባትህ ጠራሁ። አንዱ "ታዲያ እስከ ዛሬ ምን ዋጠህ?" አለኝ። ዘበኛው መሬት መሬት ያይ ነበር። ከዚያ ሰዓቱ ደረሰና ሁሉም እየተገፋፋ አለፈኝ፤ ማንም አልሰደበኝም። ስድባቸውን ሁሉ አንተ ላይ ጨርሰውት ነበር።

የእህትህ ባል