ዓም ላዝሃር በበሩ ያልፍ ዘንድ የቀረበ ልመና

ለክቡር ጌታ ሲ አብደልመጂድ ቡሐጅብ
የሄንሺር ሉዝ የፈረስ እሽቅድድም ማኅበር ሊቀ መንበር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወገብዎን፣ ጉልበትዎንና በተለይም ያንን የማይናወጥ እንቅልፍዎን ፈጣሪ እንዲጠብቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጋጣዎችዎ በአንዱ ሐልፋ የምትባል ዳማ ፈረስ ያለችኝ መብሩካ ገዋስሚ ነኝ፤ በሽልማት ቀን እጄን ጨብጠው የማን ሚስት እንደሆንኩ የጠየቁኝ ሴት ነኝ ብል ምናልባት ያስታውሱኛል።

ይህን ደብዳቤ በጋዜጣ ማውጣቴ ክብርዎን ለመንካት ሳይሆን፣ በጸሐፊዎ በኩል የላክኋቸው ማመልከቻዎች የት እንደደረሱ ባለማወቄ ነው። ፈረሴ እየሞተችብኝ ነው፤ ልታድናት የምትችለው ነፍስ ደግሞ ከበርዎ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ጉዳዬ ይኸው ነው። ጊዜዎ ውድ መሆኑን ባለመርሳት ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ማኅበርዎ ባልደራሶቹንና የጠዋት ጋላቢዎቹን በሙሉ አሰናብቶ የጋጣውን ሥራ ለጽዳት ድርጅት በመስጠቱ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ወለሉ ፊት ያሳያል። ከአዲሶቹ ሠራተኞች ጋር ጠብ የለኝም፤ ደጎች ናቸው፤ ጣጣውን ያመጣውም ደግነታቸው ነው። አርፋ የዋለች ፈረስ ገብሷ እንደሚቀነስባት እዚህ ግቢ ውስጥ የኖረ ሁሉ ያውቃል፤ እነሱ ግን «ምስኪን፣ ዛሬ እንኳ ትጥገብ» ብለው ከወትሮው አብልጠው ሰጧት። በማግስቱ ለልምምድ ስትወጣ የኋላ እግሮቿ ተገተሩ፣ ጭኖቿ እንደ ድንጋይ ጠጠሩ፣ ሽንቷ ቡና መሰለ። አሁንም አዘኑላትና እንድትፍታታ ብለው፣ እርስዎ ካስመጡት ፈረስ እያዞረ ከሚያራምደው አዲስ ማሽን ላይ አሰሯት። በዚህ ሕመም የተያዘ ፈረስ አንድ እርምጃ እንኳ መራመድ እንደሌለበት የነገራቸው የለም፤ የሚነግራቸውን ሰው እርስዎ አባርረውታል።

፪. ሐልፋን በየጠዋቱ ይጋልባት የነበረው ሳሲ ቢኖር ኖሮ፣ ገና ኮርቻው ላይ ሲቀመጥ ጀርባዋ መጠንከሩን አውቆ ወርዶ ይመልሳት ነበር። ያን ቀን የወጣባት ግን ተራ የደረሰው ሰው ነው፤ ስሟንም አልጠየቀም። ሳሲ ዛሬ በሞተር ብስክሌት ዳቦ ያመላልሳል። ስለ ሞተሩ ስጠይቀው «ደህና ነው፣ አያኮርፍም፣ አይራገጥም፤ ግን ላላ እመቤቴ፣ ምኑንም አይነግረኝ» አለኝ።

፫. ሐኪሙ መርፌውን ወግቶ ሲያበቃ፣ ካልጠጣች ኩላሊቷ እንደማይተርፍ ነግሮኝ ሄደ። ሐልፋ ደግሞ ከውርንጭላነቷ ጀምሮ የምትጠጣው ባልደራሷ፣ ሁላችን አጎት ስንል ዓም የምንለው ላዝሃር፣ አጠገቧ ቆሞ ሲያፏጭላት ነው፤ እዚህ አገር ፈረስ እንዲህ ይጠጣል። ማፏጨት የእንግዶችን ጆሮ ስለሚያውክ ክልክል መሆኑን የሚገልጸውን ማስታወቂያዎን በአክብሮት እየጣስኩ፣ እኔም ሞክሬያለሁ፤ ጥርሴን ካስተከልኩ ወዲህ ግን የሚወጣኝ ባዶ ትንፋሽ ነው። ቢቸግረኝ እሱኑ በስልክ እንዲያፏጭላት አድርጌ ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋሁት። ጆሮዋን አቁማ ዞር ዞር ብላ ፈለገችው። ስታጣው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ቀረች፤ እኔም እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

፬. ዓም ላዝሃር ወሬውን እንደሰማ በአውቶቡስ መጥቷል። የበሩ ጥበቃ «ዓሚ፣ አንተን የማላውቅ ሆኜ ነው? ስምህን ከኮምፒውተሩ አጥፍተውታል፤ ባስገባህ ነገ እኔም እዚሁ ድንጋይ ላይ ካንተ ጎን ነኝ» አለው። እኔ ከጥበቃው ጋር ስሟገት ሽማግሌው ወደኔ ዞረ፤ «አትሟገቺው ላላ፣ ልጆች አሉት። ይልቅ ሂጂ፣ ወገቧን ብርድ ልብስ አልብሻት።» ልጆች ስላሉት ሰው በርዎ ላይ የሚጨነቀው ከሥራ የተባረረው ሰው መሆኑ ቢያስደስትዎ ብዬ ጻፍኩት።

ክቡር ሆይ፣ ጨዋነቴ እዚህ ላይ አለቀ። ሥራን ለሠሪው እሾህን ላጣሪው ይባላል፤ እኔ ግን ስለ ሥራው እንኳ ዛሬ አልሟገትዎትም፤ እለምንዎታለሁ። ዋንጫ በመጣ ቁጥር ፎቶግራፉ ላይ እርስዎ አሉ፣ እኔም አለሁ፣ በእሽቅድድሙ የጋለበው ጆኪም አለ፤ ልጓሙን የያዘው እጅ ግን ሁልጊዜ ጠርዝ ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ያ እጅ የዓም ላዝሃር ነው። ሰውየው ለግቢዎ የማይመጥን ከሆነ እጁንና አፉን ብቻ ያስገቡልኝ፤ የቀረው አካሉ ውጭ ይቆይ።

ደጃፍዎን በልመና በማቆሸሿ ይቅርታ እየጠየቀች፣ ለወለልዎ ንጽሕና የማትበቃ አድናቂ፣ በቸርነትዎ ጥላ ሥር በፀሐይ የምትንቃቃው
መብሩካ ገዋስሚ

ማስታወሻ፦ ይህን ፈርሜ ሳልልከው ድርቆሽ የጫነ መኪና ገባ፤ ዓም ላዝሃርም በእስሮቹ መካከል ተኝቶ ገብቷል። ጥበቃውን አይቆጡት፤ እስሮቹን አንድ በአንድ ቆጥሮ ልክ ሆነውለታል፤ ሰው እንዲቆጥር ያዘዘው የለም። ሐልፋ ጥቂት ጠጥታለች። ልትድን ትችል ይሆናል፣ ላትድንም ትችላለች። ለጊዜው በእግሯ ቆማለች፤ የቆመችው ግን ሙሉ ክብደቷን በሽማግሌው ትከሻ ላይ ጥላ ነው። ስለዚህ እሱን እንዲያስወጣ የሚልኩት ሰው፣ አስቀድሞ የራሱን ትከሻ አዘጋጅቶ ይምጣ።