ሳሊሃን ከግራ መስመር ስላነሱልኝ ምስጋና

ለተከበሩ የልጆቻችን ትምህርት ቤት የሴቶች እግር ኳስ አሰልጣኝ፣ ለአቶ ራጉኤል
ዌስተን፣ ቶሮንቶ

ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እንዲሰጥ፣ በተለይም ከሜዳው ማዶ ድረስ የሚሰማውን ጉሮሮዎን እንዲጠብቅልዎ እመኛለሁ። እኔ የተከላካይዋ የሳሊሃ እናት ዙሌካ ነኝ። ከሌሎቹ ወላጆች ጋር ወንበር ዘርግቼ ስለማልቀመጥ ላያውቁኝ ይችላሉ፤ ከኤርፖርት ኩሽና ሥራዬ በባቡር መጥቼ ከወዲህ በኩል፣ ከሽቦ አጥሩ ሥር የምቆመው ሴት ነኝ።

ልጄን ከግራ መስመር አንስተው የመሐል ተከላካይ ስላደረጓት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። እንዲህ ያለች ተከላካይ ዳር ላይ መባከን የለባትም ማለትዎንም ሰምቻለሁ። እኔ ያንን ዳር የብክነት ቦታ አድርጌ አይቼው ስለማላውቅ፣ ቅሬታዬን በተራ በተራ እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ፦ ሳሊሃ በግራ መስመር ስትጫወት ከሁለቱ አጋማሽ አንዱን ከፊቴ ትሮጥ ነበር። ቡድኖቹ ጎል ሲቀያየሩ ደግሞ ወደ ማዶ፣ ወንበር ወዳላቸው ወላጆች ትሄድብኛለች፤ ግማሹም ይበቃኛል ብዬ ለማንም አቤት አላልኩም። እርስዎ ግን በሚያስደንቅ ፍትሕ ሁለቱንም አጋማሽ እኩል አራቁብኝ። ለምን ወደ ማዶ አትሻገሪም እንዳይሉኝ፣ አንድ ቀን ዞሬ ሄጄ ነበር። ወላጆቹ ሁሉ በትሕትና ፈገግ አሉልኝና ወደ ወሬያቸው ተመለሱ።

፪ኛ፦ ባለቤቴ ትራክ ስለሚነዳ ውሎ አዳሩ መንገድ ላይ ነው። ልጄም ቤት ስትገባ ማዳመጫዋን ጆሮዋ ላይ አድርጋ በሯን ትዘጋለች፤ ስጠራት «አይም ቢዚ፣ እማ» ትለኛለች። ኳስ ከመስመር ወጥቶ አጥሩ ሥር ሲንከባለል ግን ልትወረውር የምትመጣው እሷ፣ አንስቼ የማቀብላት እኔ ነበርን። ባለፈው ወር፣ በዚያ ብርድ፣ ኳሱን ስትቀበለኝ «እማ፣ ጃኬትሽስ? ይበርድሻል እኮ» አለችኝ። በዚያ ሳምንት ከሰው አፍ የሰማሁት ደግ ቃል እሱ ብቻ ነበር። የመሐል ተከላካይ ኳስ ለመወርወር ወደ ዳር እንደማትወጣ ስላስተማሩኝ እግዜር ይስጥልኝ።

፫ኛ፦ ይህኛው እንኳ ቅሬታ አይደለም። መሐል ላይ ጎበዝ ናት፤ ዋሽቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው። ኳስ በጭንቅላቷ ስትመልስ ወላጆቹ ስሟን እየጠሩ ያጨበጭቡላታል። እኔም አጨበጭባለሁ፤ ከዚህ አይሰማትም እንጂ። አንድ ያላት እንቅልፍ የላት ይባላል፤ እንቅልፉስ ይቅርብኝ፣ የናፈቀኝ ያቺ ኳስ እስክትወረወር ያለችው ጊዜ ናት።

ሰፊ እይታዎን ከጠባቧ ጥጌ ሆኜ እያደነቅሁ፣ ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ መጪው ጨዋታ ሁሉ የድል እንዲሆንልዎ እመኛለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣
ዙሌካ
የቀድሞዋ የግራ መስመር ኳስ አቀባይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሐሙስ፣ ግራችን በእኔ በኩል በነበረበት አጋማሽ የገቡብን ሦስቱም ግቦች የመጡት በግራ በኩል እንደነበር በትሕትና አስታውሳለሁ። ሁሉንም በቅርብ ሆኜ አይቻቸዋለሁ፤ በዚያ ጥግ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም።