ያላቃጠልኸው ካሴት

ዳንግላ፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመሳፍንት ገበየሁ
ሐዋሳ

ወንድም ጋሻዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ሚስትህና ልጆችህስ ደህና ናቸው? እኔ እግዜር ይመስገን ቆሜ እሄዳለሁ። ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ የስፌት መኪናዬን ፔዳል ገና እረግጣለሁ፤ ዓይኔም ክር በመርፌ ያስገባል። ቂሜም ደህና ነው፤ አልታመመም፣ አላረጀም።

ደውለህ የለመንኸኝን ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ስልኩ የተቋረጠው በኔትወርክ አይደለም፣ እኔ ነኝ የዘጋሁት። ነገሬን በጽሑፍ ልጨርሰው ፈለግሁ። በስልክ ከሆነ አንተ "እህቴ፣ እህቴ" እያልህ አፌን ታስይዘኛለህ፤ ድምፅህ ደግሞ ከድሮም ሰው ያባብላል።

"የእማ ድምፅ ያለበት ካሴት አለ አሉ። ለአዲሱ የመዝሙር አልበሜ መግቢያ ላደርገው ነውና በአውቶቡስ ሾፌር ላኪልኝ" አልህ። የነገረህ አትክልት መሆኑን አውቃለሁ፤ የዚያ ያጎታችን ልጅ አፍ መቼ ተዘግቶ ያውቃል! ካሴቱ አለ። አልልክልህም እንጂ አለ።

እስቲ ላስታውስህ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እማ ባረፈች ጊዜ ቴፑን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ካሴቶቼን በቆርቆሮ ሳጥን አድርጌ አልጋ ስር ከተትሁ። ሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትበትም፣ እስከ ሙት ዓመቷ ጆሮዬን አስጾምሁት። ያ ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ የባንድ ሙዚቃ ነው የምከፍተው፣ እግሬ ራሱ ይሮጥልኛል። የሙሽራ ቀሚስ ሲሆን ማሲንቆ፣ እጄን ያረጋጋዋል። ዋሽንት ግን በሥራ ላይ አይሆንም፤ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በሩን ገርበብ አድርጌ፣ ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ ነው የምሰማው። የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አሰጣለሁ፤ ካሴቱን በእስክርቢቶ አጠነጥናለሁ፤ የቀረችውን ጉልበት ለዘፈኑ ብቻ ነው የማውላት። ያን ዓመት ግን መኪናዬ ብቻዋን ስትንቀጫቀጭ ከረመች።

ሙት ዓመቷ ወጣ። ሳጥኑን ጎትቼ ብከፍት የአንተ መዝሙሮች ተደርድረው ይጠብቁኛል። ከላይ "ነፍስሽን ይጥቀማት" የምትል ብጣሽ ወረቀት። የእኔዎቹ አንድም የሉም። አንተ ሐዋሳ ከገባህ ቆይተሃል። ጎረቤቶቼ ናቸው ሚስጥርህን ያወጡብህ፤ አንተ ለሐዘኑ መጥተህ ሳለ እኔ ግምጃ ቤት ከተማ ገበያ በወጣሁበት ቀን ከጓሯችን ጭስ አይተዋል። "ቆሻሻ የሚያቃጥል መስሎን" አሉኝ። ቆሻሻ! አባዬ በፈረሱ ላይ ሆኖ ሲፎክር የቀዳነውንም ከዚያው ጋር! ኧረ አንተ ሰው፣ የሟች ፉከራ ማንን ያሳስታል?

ሃይማኖትህን አልነካም። ጎረቤቴ ሚልካ ከዚያው ከአንተ ጉባኤ ናት። ቀሚስ ልታሰፋ ስትመጣ በርጩማ ስባ ትቀመጣለች፤ አንድም ቀን ዘፈንሽን ዝጊው ብላኝ አታውቅም። የሆነውን ብነግራት፣ "ይኼን ያዘዘው እኛ ዘንድ የለም እቱ፣ ከራሱ ነው ያመጣው" አለችኝ። እኔም የማስከፍለው እሱኑ ራሱን ነው።

ከዚያማ በቀሌን በመዝሙሮችህ ልወጣ ተነሳሁ። ጥብጣባቸውን እየመዘዝሁ የጓሮ በቆሎዬ ላይ ልዘረጋቸው፣ ወፍ ይጠብቁልኝ ብዬ። አንዱን ዘረጋሁት፤ ነፋስ ሲያብለጨልጨው አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሌላውን ደገምሁ። ቀጣዩን ባነሳ ከላይ ያሉት ቀዳዳዎቹ በወረቀት ተደፍነዋል። እነሱ ካልተደፈኑ በተቀዳ ካሴት ላይ መልሶ መቅዳት እንደማይቻል ታውቃለህ። ክው አልሁ። የደፈንሁት እኔ ነኛ! እማ በደህናው ጊዜ ገብስ እያበጠረች ስታዜም ባዶ ካሴት አጥቼ፣ ከአንተ መዝሙሮች እጄ ላይ የገባውን አንስቼ እሷን ቀድቼበት ነበር። ኋላ የት እንዳኖርሁት ጠፋኝና እሱም ነደደ ብዬ አልቅሼ ጨርሻለሁ። አንተ ላዩን አነበብህ፣ መዝሙር ይላል፣ ተውኸው። ውስጡ እማ ነበረች። እሰይ! ደግ አደረግሁ!

ምን እንዳለበት ልንገርህ፣ እስኪቆጭህ ድረስ ልንገርህ። እማ በአዊኛ ትጀምራለች፣ ያን የኮሶበር ፈረሰኞችን ዘፈን፤ ከዚያ ወደ አማርኛው ትመለሳለች። መሐል ላይ ታቆምና፣ "መሳፍንት የታለ? ይኼን የሚቀበለኝ እሱ ነው" ትላለች።

"ጉባኤ ሄዷል" እላታለሁ እኔ።

"ይሁን፣ ቦታውን እተውለታለሁ።"

ከዚያ በኋላ በየስንኙ መጨረሻ ዝም ትላለች። አንተ ብትኖር የምትቀበላትን ያህል ዝም ብላ ትጠብቅና፣ የሰፌዱ ኮሽታ ብቻ ሲሰማ ቆይቶ፣ ቀጣዩን ታነሳለች። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ናት። እኔ አንድም ቀን አልተቀበልኋትም፤ ቦታው የእኔ አይደለም።

ይኼን ነው ለአልበም መግቢያ የፈለግኸው? ያን ዝምታ ቆራርጠህ፣ ኪቦርድ ሞልተህበት? ዓለማዊ ነው ብለህ ያነደድኸውን ዘፈን ዛሬ ስም ማሞቂያ ልታደርገው? እምቢ አልሁ!

ሰሞኑን ድምፁ እየቀጠነ ቢያስቸግረኝ ቴፕ ጠጋኙ በኃይሉ ዘንድ ወሰድሁት። ጥብጣቡን ወደ ብርሃን ይዞ አየው። "እትዬ ማናለብሽ፣ ይኼ እየተላጠ ነው። በተጫወተ ቁጥር ያልቃል። ፍላሽ ላይ ልገልብጥልሽና ካሴቱን አስቀምጭው፤ ለወንድምሽም አንድ ትልኪለታለሽ" አለኝ።

"ተወው፣ ይለቅ" አልሁት። አእምሮዬን የነካኝ መስሎት ካሴቱን መለሰልኝ።

እንግዲህ ስማ። ድሮ እማን እሑድ እሑድ ብቻ ነበር የምሰማት። አሁን ጠዋት ሥራ ስጀምር እከፍታታለሁ፤ ስጨርስ እዘጋታለሁ። ለዩኒፎርሙም ለሙሽራ ቀሚሱም እሷው ናት። እያወቅሁ ነው የምጨርሳት። አንተ የእኔን በእሳት ጨረስህ፣ እኔ የአንተን በጆሮዬ። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔ ቂሙን ይዣለሁ፣ ጸሎቱን አንተ ቀጥል።

ቅጂ የለም፣ አይኖርምም። መስማት የፈለገ ዳንግላ መናኸሪያ ወርዶ፣ ጋሪ ይዞ፣ በሬን ያንኳኳል። ብትመጣ ደግሞ እንደ እንግዳ እጅህን አጣምረህ የምትሰማት እንዳይመስልህ። በየስንኙ ትቀበላታለህ፤ ጮክ ብለህ፣ በሩ ተከፍቶ፣ ያን ቀን ጭሱን ያዩት ጎረቤቶች ሁሉ እየሰሙህ። ብድሬ ይኸው ነው፣ ሌላ አልፈልግም።

ግን አትዘግይ። ትናንት ስከፍታት ስምህ ላይ ስትደርስ ተንኮሻኮሸና ጠፋ። ከዚያ ጥያቄዋ አሁን የሚሰማው "የታለ?" የምትለው ብቻ ነው።

ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ሚስትህንም ጤና አይንሳት። ለአንተ ደግሞ እዚህ እስክትደርስ መንገዱን ሰላም ያድርግልህ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእኔ ሥራ ነው።

እህትህ
ማናለብሽ ገበየሁ