ወባ ያልሆነው ሙቀት

ሰኞ፣ ጥር 4። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል

ሁለተኛው በርሜል ፈላ። ጭሱ አይኔ ውስጥ ነው። እማዬ ማማሰያውን ለኔ ጥላ ሄደች። ሻሿን ከራሷ ላይ ገፈፈችው፣ ወንድ አለ የለም አላየችም፣ ሮጣ ማንጎው ስር። ዛሬ ሶስተኛዋ ነው፣ ቆጥሬያለሁ። ፊቷ በርበሬ መስሏል። ላቡ በአንገቷ ይወርዳል። ትንሽ ቆይታ ደሞ በረደኝ ብላ ያንኑ ሻሽ ትፈልጋለች።

ደብተሬ ይቅርታ፣ ቢጫ አደረኩህ። እጄ ታጥቦ አይለቅም። እርድ ነዋ። እዚህ ቴፒ ስራችን ይሄው ነው። ገበሬው እርዱን ያመጣል፣ ነጋዴው ሀጂ ይገዛሉ፣ እኔና እማዬ በሳቸው ግቢ እናጥባለን፣ እንቀቅላለን፣ ሰሌን ላይ እናሰጣለን። የበርሜሉ አለቃ እማዬ ናት። ስንጥር ትወጋበታለች፣ በስሏል ካለች በስሏል። ከዛ ካለፈ ይላሽቃል፣ ማንም አይገዛውም። አስራ ሁለት አመት ሙሉ አንድ ቀን አልተሳሳተችም።

አሁን ግን ደከማት። ጆንያ ብቻዋን የምትሸከም ሴትዮ ባዶ ባልዲ ይዛ ቁጭ ትላለች። ቁጭ ብላ ታንቀላፋለች። ሌሊት አንሶላው በላብ ይርሳል፣ አትተኛም፣ ጠዋት አይኗ ቀልቷል። ትናንት ደሞ ስሜን ረሳች። አንቺ፣ አንቺ፣ ትላለች፣ ሰዓዳ የሚለው አልመጣ አላት። እሷ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ሁሉም ወባ ነው ይላል። ቴፒ ነዋ። እዚህ ሰው ከሞቀው ወባ፣ ከበረደው ወባ፣ ካኮረፈም ወባ። ጤ/ጣቢያ ጣቷን ወግተው ወባ የለም ብለው ነበር እኮ። አብራን የምትሰራው እትዬ አስካለች ግን ተደብቆ ነው አለች። ጉበት ውስጥ ይደበቃል አለች። ስለዚህ ኪኒኑን ከሱቅ ገዛሁ። ሁለተኛ ዙር ነው። ዛሬ ትጀምራለች።

ሀጂ መጡ። በቃ።


ማክሰኞ፣ ጥር 5። ከምሳ በፊት

አስመለሳት። ኪኒኑም ቁርሱም ወጣ። ግድግዳ ይዛ ቆመች። ዋጪው አልኩና ሌላ ሰጠኋት። ዋጠችው። እንደ ልጅ ዋጠችው።

ደብተሬ፣ አንድ ነገር ደብቄሃለሁ። ዛሬ ካልጻፍኩት ሆዴ ይፈነዳል።

ያኔ ጤ/ጣቢያ የሄድን ጊዜ፣ ታህሳስ ላይ። እማዬ የጅማ ሰው ናት፣ ቤት ውስጥ የምናወራው በኦሮምኛ ነው። ገበያ ላይ አማርኛዋ ማንንም ያሸንፋል፣ ሐኪም ፊት ግን አፏ ይታሰራል። ስለዚህ አፏ እኔ ነኝ። ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነው፣ ከኔ ብዙ አይበልጥም። ይጠይቀኛል፣ እነግራታለሁ፣ ትመልሳለች፣ እነግረዋለሁ። ራሷን ያማታል? አዎ። ትተኛለች? አትተኛም። ከዛ በድንገት፣ ምንም ሳያፍር፣ የወር አበባዋስ እንዴት ነው፣ በጊዜው ይመጣል ወይ አለኝ።

እማዬን! እኔ እማዬን ይሄን ልጠይቅ? ያውም ወንድ ፊት? እኔ ራሴ መጀመሪያ የመጣብኝ ጊዜ ለሷ አልነገርኳትም፣ እትዬ አስካለች ናት ጨርቅ የሰጠችኝ። ወደ እማዬ ዞርኩ። መሬት ታያለች። ከዛ ከራሴው፣ አዎ፣ በጊዜው ይመጣል አልኩት። ጻፈ። ደም አይበዛባትም? አይበዛም። ጻፈ።

አንድ ቃል አልጠየቅኳትም። እሱ ግን ያልኩትን አምኖ ጻፈ። ወባ የለም፣ ታይፎይድ ሊሆን ይችላል ብሎ መድሃኒት ሰጠን። ጨረሰችው። ምንም።

ከዛ ቀን ጀምሮ ልቤ አላረፈም።


ዓርብ፣ ጥር 8። ከሰ. 9 ሰዓት

አየሁት። አየሁት ደብተሬ።

ከቤት ጀርባ ኮባው ስር ባልዲ አለ፣ በትሪ ተከድኗል። ውሃ መስሎኝ ከፈትኩ። ጨርቅ ነው። ሁሉም ቀይ። አንድ ሁለት አይደለም፣ አንድ ሙሉ አንሶላ ቆራርጣ ነው የዘፈዘፈችው። ከደንኩትና ሮጥኩ። ለምን እንደሮጥኩ አላውቅም።

ከዛ መስገጃዋን አየሁ። ጥግ ላይ እንደተጠቀለለ ነው። ሴት በዛ ጊዜዋ አትሰግድም፣ አምስት ስድስት ቀን ነው፣ ማንም ለምን አይልም። እኔም ልብ አላልኩም። አሁን ቆጠርኩ። የመጨረሻ የሰገደችው የእርዱ ጭነት ወደ ሚዛን ከተማ የሄደ ቀን ነው። አስራ ዘጠኝ ቀን! ረመዳን ደሞ እየመጣ ነው፣ ካለፈው ያለባትን ቀዳ፣ ማካካሻውን፣ ገና አልጾመችም። ይሄኔ ስታሰላ፣ ስትጨነቅ፣ ማንንም ሳትጠይቅ።

ሬዲዮ ላይ አንዲት ሴትዮ ሰምቻለሁ። ደም ካላቋረጠ የማህፀን ካንሰር ሊሆን ይችላል፣ ቶሎ መታየት ነው ብላለች። ቶሎ አለች። እኔ ግን የወባ ኪኒን እያስዋጥኳት ነው። አባዬ ሞቷል። ወንድም የለኝ እህት የለኝ። እሷ ብትሄድ፣

አልጽፍም።

ዛሬ ደሞ በርሜሉ ላሸቀ። እማዬ ስንጥሩን በእጇ ይዛ ቆማ ነበር፣ መውጋቱን ግን ረሳችው። ሙሉ በርሜል ገንፎ ሆነ። እትዬ አስካለች ልታስቃት ፈልጋ፣ "ራህመት፣ ሙቀቱ ምንድነው፣ ሳትነግሪን አገባሽ እንዴ?" አለቻት። ሴቶቹ ሳቁ። ድሮ ቢሆን እማዬ የእትዬ አስካለችን ባል አንስታ የባሰ ትመልስላት ነበር። ዛሬ ባልዲውን ከነውሃው ወረወረች፣ ጮኸችባቸው፣ ከዛ ከጆንያው ጀርባ ገብታ አለቀሰች። እትዬ አስካለች ደንግጣ እኔን ታያለች። ምን አልኳት፣ ምን አልኳት ትላለች። ሀጂ የላሸቀውን በጣታቸው ጨመቅ አድርገው አዩት። አልተቆጡም። እናትሽን አሳርፊያት ብለው ሄዱ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።


ሰኞ፣ ጥር 11። ጥምቀት

ግቢው ባዶ ነው። እትዬ አስካለችም ሌሎቹም ታቦት ሊሸኙ ሄደዋል። የታጠበ እርድ ስለሚበላሽ እኔና እማዬ ብቻ እንቀቅላለን።

ፊደሉ ይጣመማል፣ ታገሰኝ።

በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብላ ነበር። ስንጥሩን ልትወጋ። እኔ እንጨት እየማገድኩ ነው። ቀና ስል አይኗ ወደላይ ሄዷል፣ ወደፊት እያጋደለች ነው፣ ወደሚፈላው! በቀሚሷ ያዝኳት፣ ጎተትኳት፣ ሁለታችንም አመዱ ላይ ወደቅን። ክንዷ የበርሜሉን ጠርዝ ነክቶት ተልጧል። ትንሽ ነው። ትንሽ ነው ትላለች እሷም። ውሃ አፈሰስኩበት።

ግን ምን አስፈራኝ መሰለህ። አትከብድም። ስጎትታት ምንም አትከብድም። መዳፏን ከፍቼ አየሁት፣ ቢጫው እርድ ስር ነጭ ነው፣ ወረቀት። ከንፈሯም እንደዛው። እንዴት እስካሁን አላየሁም? አብሬያት እየበላሁ እየተኛሁ?

ወባውን አላህ ይይለት እያለች ሻሿን አሰረች። ወባ አይደለም እማዬ። እኔ ነኝ። አላልኩም። ነገ እላለሁ።


ማክሰኞ፣ ጥር 12። ማታ፣ ከእራት በኋላ

አልኩ።

ቁስሏን እየቀባሁላት ነው ያልኩት፣ ፊቷን ላለማየት። ሐኪሙ እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ ነበር፣ ሳልጠይቅሽ በጊዜው ይመጣል አልኩት፣ ዋሸሁ፣ በኔ ነው፣ ባልዲውንም አይቻለሁ። ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ።

ትመታኛለች ብዬ ነበር።

ሰምቼሽ ነበር እኮ አለች።

ምን?

ሰምታኛለች! የጠየቀውንም የመለስኩትንም። አማርኛ ትሰማለች እኮ፣ እኔ ጅሏ። አዎ ስትዪ አልሃምዱሊላህ አልኩ በሆዴ አለች፣ ተገላገልኩ አልኩ። ወንድ ልጅ ፊት ያንን ከምናገር ብሞት ይሻለኛል ብዬ ነበር አለች። ወባ ሲሉሽ ግን ሰው ያዝንልሻል፣ ወባ አያሳፍርም አለች። ለዛ ነው እያስመለሳት የዋጠችው።

ከዛ ወሬው መጣ። አምና አራት ወር የወር አበባዋ ጠፋባት። አባዬ ከሞተ አምስት አመቱ፣ ሰው ምን ይላል ብላ ሆዷን በነጠላ ስትደብቅ ከርማለች፣ እርጉዝ ሳትሆን! ከዛ ተመልሶ መጣ፣ እንደ ጎርፍ። ከዛ ጠፋ። ከዛ ይሄኛው። ሙቀቱ ሲመጣ ልቧ ይመታል፣ የምትሞት ይመስላታል። እናቷ ምንም አልነገሯትም። እሷም ለኔ ምንም። ሳቀች ደሞ። ተናድጄባታለሁ። አቅፌያታለሁ። ሁለቱንም።

ሐሙስ እንሄዳለን።


ሐሙስ፣ ጥር 14። ከሰ. 8 ሰዓት

ያው ወጣት ሐኪም! ሴት ይሆናል ብዬ ዱዓ አድርጌ ነበር። በሩ ላይ እማዬ እጄን ይዛ ወደኋላ ጎተተችኝ። እኔም መሮጥ አማረኝ።

ገባሁ። ቁጭ ሳልል ባለፈው ዋሽቼሃለሁ አልኩት። እናቴን ሳልጠይቃት ነው አዎ ያልኩህ። ጆሮዬ ነደደ። እሱ አልሳቀም። ብዕሩን አስቀመጠ። ብዙ ሰው እንደዛ ያደርጋል፣ እኔም በሌላ መንገድ መጠየቅ ነበረብኝ አለ። ተነስቶ አዋላጇን ሲስተር ጠራልንና እሱ ወጣ።

ሲስተሯ ቀስ ብላ ጠየቀች። እኔ ወደ እማዬ ዞሬ በኛ ቋንቋ ጠየቅኩ፣ እያንዳንዱን። መጀመሪያ በራሷ ትነቀንቃለች፣ ከዛ በአንድ ቃል፣ ከዛ እኔን ትታ በአማርኛዋ ቀጠለች። ከሀፍረት እየተሰባበረባት፣ ግን ሁሉንም።

ለምርመራ ደም ሰጠች። ደሟ በጣም አንሷል አሉ። ድካሙ ግማሹ ከዛ ነው። ሙቀቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ መርሳቱ፣ ንዴቱ ግን ወባ አይደለም፣ እድሜዋ ነው፣ እያረጠች ነው አለች ሲስተሯ። ብዙ ሴት ላይ ይመጣል፣ ብዙ ሴት ዝም ይላል አለች። ስስ ልብስ ልበሺ፣ ከእሳት ራቅ በይ፣ ቀን ትንሽ ተኚ፣ ቡናና ሚጥሚጣ ቀንሺ። እማዬ፣ "ስንት ጊዜ ነው ሚቆየው?" አለቻት። አንዳንዷ ላይ ጥቂት አመት ይቆያል። "አመት? ቴፒ ላይ፣ ያለ ቡና፣ ከበርሜል ጋር?" ሲስተሯ በሳቅ ፈረሰች።

አይረን ኪኒን ሰጡን፣ ደም የሚሞላ። ከሻይ ጋር አይወሰድም። የወባው ይቁም፣ ምርመራ ሳያሳይ ሁለተኛ እንዳትገዙ አሉ።

ከዛ ሲስተሯ ሳቋን አቆመች። የደሙ ነገር ግን እድሜ ነው ብለን አንተወውም አለች። ሚዛን ሆስፒታል፣ አልትራሳውንድ። ብዙ ጊዜ ክፉ አይደለም፣ ሳይታይ ግን አይታወቅም። ወረቀት ጻፈች። ቶሎ ሂዱ አለች።

ቶሎ። ያቺ የሬዲዮዋም እንደዛ ነው ያለችው።


እሑድ፣ ጥር 17። ጠዋት

ዛሬ ሰገደች። የንጋቱን፣ ሱብሂን። ከእንቅልፌ ስነሳ መስገጃው ተዘርግቷል። ደስ አለኝ፣ አለቀስኩ።

ቁርስ ላይ ሚዛን ይቅር አለች። ደሙ ቀርቷል፣ ተሽሎኛል፣ የመኪናው መንገድ ያደክመኛል፣ እርዱም ገና አላለቀም አለች። እውነት ፊቷ ትንሽ ተመልሷል። ሶስት ቀን ጥላ ውስጥ ነው ያለችው፣ በርሜሉን እኔ ይዤዋለሁ፣ እሷ ከማንጎው ስር ሆና ስንጥሩን አምጪ እያለች ታያለች። እትዬ አስካለች ትናንት ማራገቢያ ይዛላት መጣች። እኔንም ጀምሮኛል መሰለኝ፣ ለሰው አትንገሪ አለቻት፣ ሁለቱ እንደ ልጃገረድ ተንሾካሾኩ። ሁሉም ነገር ጥሩ ይመስላል። ይቅር ስትል እኔም ውስጤ እሺ አለ። እፎይ አለ። ምናለ ባይታይ? ካላየን የለም አይደል?

አፌን ልከፍት ነበር፣ እሺ ልላት። ያንን ቀን አዎ እንዳልኩት።

ዳቦውን አስቀመጥኩ። በኛ ቋንቋ፣ አይን አይኗን እያየሁ፣ እማዬ፣ እውነት ቆሟል? አልኳት። ቆሟል። ጭራሽ? ሻይዋን አማሰለች፣ ስኳሩ ሟሙቶ አልቋል እሷ ታማስላለች። ትንሽ አለ አለች። ምን ያህል? ማንኪያውን አስቀመጠች። ደገምኩ። ከዛ ነገረችኝ፣ በቀን ስንት ጨርቅ እንደሆነ፣ ቁጥሩን።

ትንሽ አይደለም። እና ለምን ሰገድሽ አልኳት። ናፈቀኝ አለች።


እዛው እሑድ። ማታ

ለሀጂ ነገርኩ። ሚዛን ነው አልኩ፣ የእናቴ ጤና ነው። ሂዱ አሉ። በርሜሉን እትዬ አስካለች ትይዛለች፣ ቢላሽቅም ይላሽቅ።

ነገ 12 ሰዓት ከመናኸሪያ። ወረቀቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ ጡት መያዣዬ ውስጥ ነው። እማዬ ጫማዋን አጥባ በር ላይ አስጥታለች። አኩርፋለች፣ ግን አጥባለች።

ፈርቻለሁ ደብተሬ። ክፉ ነው ቢሉንስ? አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ወስኛለሁ። ሐኪሙ ሲጠይቅ ከራሴ አልመልስም። ወንድም ይሁን ሽማግሌም ይሁን ወደሷ ዞሬ እጠይቃታለሁ፣ እስክትመልስ እጠብቃለሁ፣ ያለችውን እላለሁ። ደንግጣ ቆሟል ብትልስ?

ቆሟል ካለች እዛው ሐኪሙ ፊት እንጣላለን።