ድልድይ ወይስ መማሪያ ክፍል

ሰኔ 5፣ ከሰዓት
ክትባት፣ የእርጉዞች ክትትል፣ ወለሉ ጭቃ በጭቃ። ብርቱካን መጥታ ነበር። ስምንተኛ ወሯ። ቤቷ ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ወንዙ ሳይሞላ መጥታ እስክትወልድ እዚህ ጤ/ጣቢያው እናቶች ማቆያ እንድትቀመጥ ነገርኳት። ሐምሌ መጨረሻ እመጣለሁ አለች። እስከዚያ ላሟን ማን ያልባል? ስትስቅ አፏን በነጠላዋ ትሸፍናለች።

ሰኔ 12፣ ማታ
የቀበሌ ስብሰባ። በጀቱ ለአንድ ሥራ ብቻ ይበቃል፣ ተነጋግራችሁ አንዱን ምረጡ ተባለ። ማዶዎቹ የእግረኛ ድልድይ፣ ላይ ሰፈሮች መማሪያ ክፍል። መ/ር አስማረ የላይ ሰፈር ት/ቤት ልጆች ዳስ ውስጥ ዝናብ እየወረደባቸው እንደሚማሩ ተናገረ። እውነቱን ነው። የብርቱካን ባል ታደለ ስለ ወንዙ ተናገረ። እሱም እውነቱን ነው። እኔም ተነስቼ ምጥ የያዛት ሴት ወንዝ ዳር ምን እንደሚገጥማት አስረዳሁ። ስንወጣ የጤ/ጣቢያው ኃላፊ ጠራኝ። የመንግሥት ሠራተኛ ወገን ይዞ አይከራከርም አለኝ። ተናድጃለሁ። ደግሞ ፈርቻለሁ።

ሰኔ 28
የቀበሌው ም/ቤት ድምፅ ሰጠ፣ መማሪያ ክፍሉ አሸነፈ። የላይ ሰፈር ተወላጆች ከከተማ በመኪና መጥተው ነበር፣ ቆርቆሮ እንገዛለን ብለው ቃል ገቡ፣ ለባለሥልጣናት ስልክ ደወሉ። ለማዶዎቹ የሚደውልላቸው የለም። ያላቸው የም/ቤት ተወካያቸው አቶ ዳኘው ብቻ ናቸው። እጄን አውጥቼ ነበር፣ በድምፅ ተበለጥኩ አሉ፣ ዓይናቸው መሬት መሬት እያየ። አልዋሹም። ልጆቹ መንገድ ላይ ሲጨፍሩ አየሁ። በእነሱ እንዴት ልናደድ?

ሐምሌ 9፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ማስታወሻዬ። ብርቱካን። ምጡ ቀድሞ መጣ። በቃሬዛ ወንዙ ዳር አደረሷት፣ ወንዙ ሞልቷል። ደውለውልኝ ሮጬ ደረስኩ፤ እኔ ወዲህ፣ እነሱ ወዲያ። በዓይን እንተያያለን። እዚያው ሣሩ ላይ ወለደች፣ ሴት። ከዚያ ደም። ለታደለ በስልክ ሆዷን ከእምብርቷ በታች አጥብቀህ እሽ፣ አታቁም እለዋለሁ። እያሸ ያለቅሳል። ደም የሚያቆመው መድኃኒት ኪሴ ውስጥ ነው፣ ወርውሬ አላደርሰውም። ውሃው ጎደል ሲል አሻገሯት። እጄ ላይ ስትደርስ ቀዝቅዛ ነበር።
ሕፃኗ ደህና ናት።

ሐምሌ 11
ትናንት በዘረጉት ገመድ ተሻግሬ ለቅሶ ደረስኩ። መ/ር አስማረም ከላይ ሰፈር ሰዎች ጋር መጣ። ቦታ የለቀቀለት የለም፣ ድንኳኑ ጫፍ ላይ ቆመ። ታደለ ተነሳና እጁን ይዞ አጠገቡ አስቀመጠው።
«እናንተን አልወቅስም፣ የኔታ» አለው። «ትልቋ ልጄም ወንዙ ሲጎድል እየተሻገረች እዚያው ዳስ ውስጥ ነው የምትማረው። እኔን የሚቆጨኝ አንዱን ምረጡ ሲሉን ሁለታችንም እሺ ብለን መምረጣችን ነው።»
መ/ር አስማረ ነጠላውን ፊቱ ላይ ጣለ።

ሐምሌ 15
አንድ ላይ ሊሄዱ ነው፣ ማዶም ላይ ሰፈርም፣ ወረዳው ም/ቤት። የክፍሉን ግድግዳ በእንጨትና በጭቃ ራሳችን እናቆማለን፣ የሚተርፈው በጀት ለድልድይ ይዋል ሊሉ። ሐሳቡ የመ/ር አስማረ ነው። የገዛ ሰፈሩ ሰዎች ከሃዲ ብለው ሰድበውታል። ያየሁትን እንድናገር እኔንም ጠየቁኝ። ኃላፊው ሰማ። አልተቆጣም። ሲስተር፣ ተይ፣ ወደ ቆላ ያዛውሩሻል፣ እኔንም አይተዉኝም፣ ልጆች አሉኝ አለኝ። አሳዘነኝ። እሺ አላልኩትም፣ እምቢም አላልኩ።
ተስፋ የለኝም፣ እውነቱን ልንገርህ። በጀት አንዴ ጸድቋል ይሉናል። ብርቱካንም አትነሳም።

ሐምሌ 16፣ ጠዋት 12 ሰዓት
ዝናቡ አላባራም። ከመስኮቱ አያቸዋለሁ፣ መንገዱ ላይ ቆመዋል። አቶ ዳኘው ከፊት፣ ታደለ ሕፃኗን ጋቢው ውስጥ ሸጉጦ። የሚጠራኝ የለም፣ አላስገደዱኝም። ነጭ ጋውኔን ለብሻለሁ። ማን እንደሆንኩ፣ የማን ሠራተኛ እንደሆንኩ ይዩ። ሊሄዱ ነው፣ ልድረስባቸው።