ከስሜ በታች ያላነበብኩት

ዱባይ ላለሽው እህቴ ማሚት ይድረስ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? የወገብሽ ሕመም ተሻለሽ? የምትሠሪላቸው ህንዶችስ ደህና ናቸው? አሮጊቷ እመቤትሽ አሁንም ጸሎታቸውን ሳያደርሱ ቁርስ አይቀምሱም? እኛ ደህና ነን እንዳልልሽ ደህና አይደለንም። ባለፈው ዓርብ የእህታችን የሜሮን አርባ ወጣ። መርዶውን በእትዬ ባህሪያ ሱቅ ስልክ እንደሰማሽ አውቃለሁ። እማዬ ከዚያ ወዲህ ስትደውዪ አላናግራትም ያለችው ለምን እንደሆነ ግን የነገረሽ ሰው የለም። እኔ ልንገርሽ።

ጥር ላይ በሰው እጅ የላክሽው ዘይትና ደብዳቤ ሲደርስ ሜሮን በደስታ የምትሆነው ጠፍቷት ነበር። ሚዶዋ ላይ የሚቀረው ፀጉር በየቀኑ እየበዛ፣ ክፍል ውስጥ ሻሿን ሳትፈታ ነበር የምትውለው። ደብዳቤውን እንደ ወትሮው ለእማዬ ያነበብኩላት እኔ ነኝ። አዩርቬዳ የሚሉት የህንዶች የጥንት ሕክምና፣ ሰው ከነፋስ፣ ከእሳትና ከውኃ ነው የተሠራው እንደሚል፣ እሳቱ ሲበዛም የፀጉር ሥር እንደሚነድ ጽፈሻል። የኮኮናት ዘይቱን አምላ ከሚባለው ፍሬ ዱቄትና ከአብሽ ጋር ለብ አድርጎ በጣት ጫፍ ማሸት፤ በርበሬ፣ ቡናና ሥጋ መተው። እማዬ ቃል በቃል ያዘችው። ሜሮን ዘይቱ ግንባሯ ላይ ሲወርድ፣ «ሳህሉ፣ ክብሪት ይዘህ እንዳትጠጋኝ፣ ኩራዝ ሆኛለሁ!» እያለች ታስቀን ነበር።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። ለፋሲካ ሁላችንም ስንፈስክ እሷ አልፈሰከችም። እማዬ «ሃምሳ አምስቱን ቀን የቻልሽ ለፀጉርሽ ብለሽ ትንሽ ብትጨምሪ ምን አለበት?» አለቻት። ዶሮው እፊቷ ቀርቦ እሷ አልጫ ሽሮ በላች። ከትምህርት ቤት ስትመለስ መንገድ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ትቀመጥ ጀመር። እኛ «እሳቱ እየወጣላት ነው» እንል ነበር። ግንቦት ላይ ወድቃ ሐኪም ቤት ስናደርሳት፣ ሐኪሙ የዐይኗን ቆብ ገልብጦ አየና ደሟ ማለቁን ነገረን። ፀጉሯንም ያረገፈው የቆየ የደም ማነስ ነው አለ። «ጥር ላይ ብታመጧት ኖሮ» አለን። በአራተኛው ቀን አረፈች።

እማዬ ጠርሙሶቹን ሽንት ቤት ጨመረቻቸው። ለቅሶ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ልጄን ልጄ ገደለችብኝ» አለች። እትዬ ባህሪያ «አንቺ ሴት፣ አፍሽን ያዢ!» ቢሏትም አልተወችም። እኔም እውነት መስሎኝ ጠላሁሽ። በሠልስቱ ማግስት ደብዳቤሽን ቀድጄ ልጥለው ሳወጣ ነው ጀርባውን ያየሁት።

ጀርባው የሚጀምረው በእኔ ስም ነው። «ሳህሉ ትምህርቱን ትቶ ቴፒ ቡና ለቀማ እንደከረመ ሰምቻለሁ፣ እማዬ ቅጪው» ይላል። ጥር ላይ ስሜን እንዳየሁ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼ «ቀሪው ሰላምታ ነው» ብያት ነበር። ከስሜ በታች ያለው ይህ ነው፦ «ፀጉሯ የሚረግፈው ከድካም ጋር ከሆነ ግን፣ አሮጊቷ እመቤቴ፣ ሜሮን ዘይቱን ከመቀባቷ በፊት ደሟ ይመርመር ይላሉ። እባካችሁ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ውሰዷት።»

እታለም፣ ምነው ከላይ ብትጽፊው? ከሁሉ በፊት የሚነገረውን የእኔ ክስ ሥር ቀበርሽው። ይህን የምልሽ ጥፋቴን ላንቺ ላካፍል ብዬ አይደለም። ግን እናደድብሻለሁ፤ መቼ እንደሚወጣልኝም አላውቅም።

የአርባዋ ዕለት እንግዳው ሲሄድ ጀርባውን ለእማዬ አነበብኩላት። አልጮኸችም፣ አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ እትዬ ባህሪያ ቤት ሄደችና ለልጃቸው ለዐፊፋ እንደገና አስነበበችው። ያለቀሰችው ያን ጊዜ ነው። ይህንንም ደብዳቤ ሳይታሸግ ዐፊፋ ታነብላታለች። ከእንግዲህ የምትጽፊውን በዐፊፋ ስም አድርጊው ብላለች።

እትዬ ባህሪያ አይዞሽ ብለውሻል። ዐፊፋም ሰላም ብላሻለች። ከቤታችን ሰላምታ የሚልክልሽ የቀረን ሁለት ነን። እማዬ «በሰው ፊት ስምሽን አጥፍቻለሁና ይቅር በይኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ደውዪ፣ ስልኩን እኔ አነሣዋለሁ» በላት አለችኝ። ይህን ያስጻፈችኝ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው።

ወንድምሽ ሳህሉ
ሚዛን ተፈሪ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1996 ዓ.ም.